ቀን መምህር፣ ማታ ተማሪ፤ በትርፍ ጊዜ ስለሚጠናው የትምህርት ማስተርስ ዲግሪ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ «የማታ ተማሪ» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ በንቀት ሲነገር እንሰማለን። ቀን የሚማረው ሙሉ ተማሪ፣ ማታ የሚማረው ግን ግማሽ ተማሪ ሆኖ ይቈጠራል። ይህ አስተሳሰብ በተለይ ስለ ትምህርት ሙያ ሲሆን የተገለበጠ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ቀን ሲያስተምር ውሎ ማታ ስለ ማስተማር የሚማር ሰው፣ የተማረውን በማግስቱ የሚፈትንበት ክፍል በእጁ ነው፤ ሥራውን ለቅቆ የሚማረው ይህ ዕድል የለውም። ዳሩ ግን ዕድሉን የሚጠቀምበት እንዳለ ሁሉ፣ ዲግሪውን ከክፍል የመውጫ በር አድርጎ የሚመለከተውም አለ። ጉዳዩ እኛን የአርት ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካናል። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ከምናጠናው መካከል ብዙዎቻችን ነገ ጠመኔ ይዘን መቆማችን አይቀርም። ጠመኔ ከያዝን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ «ማስተርሱን ልቀጥል ወይስ ልተው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ነገሩን ከወዲሁ አውቆ መገኘት ይበጃል።

መንገዱ እንዴት ተከፈተ?

ሥራንና ትምህርትን አንድ ላይ ማስኬድ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ኮሌጆቹ ተጠቃልለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። በዚያ ዘመንም ቀን በመሥሪያ ቤቱ ውሎ ማታ ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍል የሚመጣ ተማሪ ነበረ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ በተደረገ ጊዜ፣ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ያን ጊዜ ጉዞው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ክፍል ነበር፤ ዛሬ በትርፍ ጊዜው የሚማረው መምህር ግን ከክፍል ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመጣል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው መልስ ይዞ ጥያቄ ፍለጋ ሲሄድ፣ ሁለተኛው ጥያቄውን ይዞ መልስ ፍለጋ ይመጣል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር መሻገር ነበረበት። ለመምህራን ነገሩን በሰፊው አስፈላጊ ያደረገው ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያስከተለው አደረጃጀት ነው። በዚያ አደረጃጀት 9ኛንና 10ኛን ክፍል የሚያስተምር የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የመሰናዶ የተባሉትን 11ኛንና 12ኛን ክፍል የሚያስተምር ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ እንዲኖረው ተፈለገ። ዛሬ ይህ ክፍፍል ቀርቶ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አንድ ላይ ቢሆንም፣ ፍላጎቱ አልቀረም። መምህሩ ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር የሚወጣበት የዕድገት መሰላል አለው፤ ዲግሪም በሰው ዓይን ከማዕረግና ከደመወዝ ጋራ ተሳስሮ ይታያል።

እዚህ ላይ ለአርት ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በታሪክ ወይም በቋንቋ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው መምህር ሊሆን ሲፈልግ የሚወስደው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ማለት ነው፣ ማስተርስ አይደለም። ያ ወደ ክፍል መግቢያው ነው። ማስተርሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አመልካቹም አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዲያልፍ ይጠበቅበታል።

«ትርፍ ጊዜ» የሚባለው የት አለ?

በትርፍ ጊዜው የሚማር መምህር አራት ዓይነት ነው። አንደኛው በተለምዶ ኤክስቴንሽን የምንለው የማታ ተማሪ ነው፤ ከሥራ ወጥቶ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ግድም ክፍል ይገባል፣ ከመሸም በኋላ ይወጣል። ሁለተኛው የማረፊያ ቀኑን የሠዋው የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ነው። ሦስተኛው የክረምት ተማሪ ነው፤ ትምህርት ቤቶች በሐምሌና በነሐሴ ሲዘጉ ሻንጣውን ይዞ ከወረዳው ይመጣል፣ መስከረም ሳይጠባም ወደ ተማሪዎቹ ይመለሳል። አራተኛው ሞጁል እየተሰጠው በቤቱ የሚያነብ የርቀት ተማሪ ነው።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጦ «ይህ ይሻላል» ማለት አይቻልም። የማታው ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱንና አማካሪውን ዓመቱን ሙሉ በቅርብ ያገኛል፤ ነገር ግን ሊያነብ በሚቀመጥበት ሰዓት ድካሙ ቀድሞት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የክረምቱ ተማሪ በሁለቱ ወር ልቡን ሳይከፍል ይማራል፤ ነገር ግን ሌላው በአንድ መንፈቀ ዓመት የሚያዳርሰውን በስምንት ሳምንት መዋጥ አለበት፣ ከመስከረም እስከ ሰኔም አማካሪውን የሚያገኘው በስልክ ነው። የርቀቱ ተማሪ ከሥራው አይነቀነቅም፤ ይሁን እንጂ የሚከራከረው ጓደኛ የለውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር እናስብ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆን፣ ቆሞ የሚያስተምርበት ብቻ 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። አምስት ክፍል ቢይዝና በእያንዳንዱ 60 ተማሪ ቢኖር፣ ተማሪዎቹ 300 ናቸው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የቤት ሥራ ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ፣ እርማቱ 15 ሰዓት ይወስዳል። ይህ መምህር ሦስት ኮርስ ተመዘገበ እንበል። እያንዳንዱ ሦስት ክሬዲት ከሆነ በሳምንት 9 ሰዓት ክፍል ይቀመጣል፤ ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት የንባብ ሰዓት ብንቈጥር 18 ሰዓት ይጨመራል። ሁሉም ሲደመር 58 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። የትምህርት ዝግጅቱ፣ የታክሲ ሰልፉ፣ የመምህራን ስብሰባውና የቤቱ ጣጣ ገና አልተቈጠረም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ሒሳብ የሚያሳየውም ያንኑ ነው። ሦስቱ ኮርስ ወደ ሁለት ቢወርድ ድምሩ 49 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ከባድ ቢሆን የሚቻል ነው። ስለዚህ በትርፍ ጊዜው የሚማር ሰው አንድ ዓመት መዘግየቱን እንደ ውርደት መቍጠር የለበትም። ቶሎ ለመጨረስ የተጣደፈ መምህር ጊዜውን የሚሰርቀው ከራሱ እንቅልፍ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀረው የተማሪዎቹ እርማት ነው።

ከማታ ክፍል ወደ ጧት ክፍል

የትምህርት ማስተርስ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ሥርዓተ ትምህርት፣ የትምህርት ሥነ ልቡና፣ የትምህርት አመራር፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ የጎልማሶች ትምህርትና የትምህርት ምዘና እያለ ይከፋፈላል። ቋንቋን ስለ ማስተማር ብቻ የሚጠናበትም ክፍል አለ። ሁሉም ጥቂት የጋራ ኮርሶች አሏቸው፤ ከእነዚህም ዋነኛው የምርምር ዘዴ ነው።

በእነዚህ ኮርሶች ውስጥ የሚነገረው ነገር በወረቀት ላይ ሲታይ ደረቅ ይመስላል። ለምሳሌ አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ፣ ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሁሉ አራት ነገር እንዲጠይቅ አሳሰበ። የትምህርቱ ዓላማ ምንድን ነው? ተማሪው ወደዚያ ዓላማ እንዲደርስ ምን ይለማመድ? ልምምዱ በምን ቅደም ተከተል ይደራጅ? ዓላማው መድረሱስ በምን ይታወቃል? ቤንጃሚን ብሉምና ጓደኞቹም በ1956 የአእምሮን ሥራ ከማወቅ ጀምረው መረዳት፣ በሥራ ላይ ማዋል፣ መተንተን፣ ማቀናጀትና መገምገም ብለው በስድስት ደረጃ ከፈሉት።

ይህን ሥራውን ለቅቆ የሚማር ሰው ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ቀን ሲያስተምር የዋለው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። ባለፈው ሳምንት ለታሪክ ተማሪዎቹ ያወጣውን ፈተና ያስብ። «የዐድዋ ጦርነት በስንት ዓ.ም. ሆነ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱ 1888 ነው፤ ተማሪው ቍጥሯን ካስታወሰ ሌላ ምንም ማሰብ ሳያስፈልገው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። «በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ሁለት ፍች መያዙ ለጦርነቱ እንዴት ምክንያት ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ግን፣ ተማሪው ሁለት ነገሮችን አነጻጽሮ በምክንያትና በውጤት ማያያዝ ነበረበት። የመጀመሪያው ጥያቄ የብሉም መሰላል ታችኛው እርከን ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከፍ ይላል። የማታው ተማሪ ይህን ማክሰኞ ማታ ሰምቶ ረቡዕ ጧት ሊሞክረው ይችላል። ተማሪዎቹ ዝም ቢሉ፣ የጥያቄው ቋንቋ ከብዷቸው ይሁን ወይም ማሰቡ፣ ሐሙስ ማታ ለመምህሩ የሚያቀርበው እውነተኛ ጥያቄ አገኘ ማለት ነው። ሙሉ ተማሪ እንዲህ ያለው እንጂ ሌላ ማነው?

ስለ መመረቂያ ጽሑፍ

ከኮርሶቹ በኋላ የሚመጣው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ተማሪው ርእስ ይመርጣል፣ ፕሮፖዛል ጽፎ ያስጸድቃል፣ መረጃ ይሰበስባል፣ ይተነትናል፣ በመጨረሻም በፈታኞች ፊት ቆሞ ለሥራው ይሟገታል። ከትርፍ ጊዜ ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ኮርስ ቀንና ሰዓት ሲኖረው ጽሑፍ ግን ቀጠሮ የለውምና።

የብዙዎቹ ጽሑፎች መልክ ይመሳሰላል። ርእሱ «የመምህራን አመለካከት ስለ እንዲህ ያለው ነገር በእንዲህ ያለው ዞን» ይሆናል። «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ አምስት ሣጥን ያለው መጠይቅ ይበተናል፤ ሥራ የበዛበት መምህርም በዕረፍት ሰዓቱ በችኰላ ምልክት አድርጎ ይመልሰዋል። ቍጥሩ ይሰላል፣ ሠንጠረዡ ይሠራል፤ ማንም ግን ወደ ክፍል ገብቶ አላየም። መጠይቅ በራሱ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ሰው ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ይረዳል፤ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ብቻውን አይበቃም።

ለመምህር ከዚህ የሚቀርብ ሌላ መንገድ አለ። ከርት ሌዊን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ማቀድን፣ መሥራትን፣ ውጤቱን መመርመርንና እንደ ገና ማቀድን ያያያዘ የምርምር ዓይነት አቀረበ። እኛ ተግባራዊ ምርምር የምንለው ይህንን ነው። እንግሊዛዊው ሎውረንስ ስተንሃውስም በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥርዓተ ትምህርት የሚሻሻለው መምህሩ ራሱ የገዛ ክፍሉ ተመራማሪ ሲሆን ነው ብሎ ተከራከረ።

በምሳሌ እናስረዳ። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የ9ኛ ክፍል መምህር ጥያቄ ሲጠይቅ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ወይም ስድስት ተማሪዎች ናቸው። «ተማሪዎቹ ሰነፎች ናቸው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ተመራማሪ መምህር ግን «ከመመለሳቸው በፊት ሁለት ሁለት ሆነው ለሦስት ደቂቃ በሚናገሩት ቋንቋ ቢመካከሩ፣ እጅ የሚያወጡት ይጨምሩ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። በመጀመሪያ ለሁለት ሳምንት እንደ ልማዱ እያስተማረ ይቈጥራል። ቀጥሎ ለጥቂት ሳምንታት ምክክሩን ያስገባል፣ እንደ ገና ይቈጥራል፣ የሰጡትንም መልስ ይመዝናል። ርእሱ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ሠርቶ የሚጨርሰው፣ ውጤቱም ለጎረቤቱ ክፍል የሚተርፍ ነው።

ይህም የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መምህር በተማሪው ላይ ሥልጣን አለው፤ ተማሪው «አልሳተፍም» ቢል ማርኩ እንዳይነካ በግልጽ ሊነገረው፣ ትምህርት ቤቱና ወላጅም ሊፈቅዱ ይገባል። ደግሞም ሰው ለገዛ ሥራው ያደላል፤ ስለዚህ ቈጠራውን ከኋላ ተቀምጦ የሚይዝ የሥራ ባልደረባ ቢገኝ ይመረጣል።

አደጋው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያኽል ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህን ያኽል ውድቀት በአንድ ምክንያት ማስረዳት አይቻልም፤ መጽሐፍ አለመኖር፣ የክፍል መጨናነቅ፣ ጦርነትና ድኽነት ሁሉ አሉበት። የመምህሩ ዝግጅት ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ ለክፍሉ የሚቀርበው ነው። ማስተርስ ያለው መምህር ለዚህ ክፍል ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?

ሁለት ነገር ዲግሪውን ባዶ ያደርገዋል። አንደኛው የተገዛ ጽሑፍ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የሰው መመረቂያ የሚጽፍ አለ፤ ዛሬ ደግሞ በትእዛዝ ጽሑፍ የሚያመነጩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ተጨምረዋል። ሌላው ሰው ይህን ሲያደርግ ያታለለው ዩኒቨርሲቲውን ነው እንበል። መምህር ሲያደርገው ግን በማግስቱ በፈተና አዳራሽ ቆሞ «አትኰርጅ!» የሚልበት አንደበት አይኖረውም።

ሁለተኛው ከክፍል ሽሽት ነው። መምህሩ ይማራል፣ ይመረቃል፣ ከዚያም ወደ ቢሮ፣ ወደ ድርጅት ወይም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ይህን በግለሰቡ ላይ ብቻ መፍረድ አግባብ አይደለም። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃው ሰው የተሻለ ሲያገኝ ቢሄድ ማን ይወቅሰዋል? ትምህርት ቤት የሚመሩና የሚያቅዱ የተማሩ ሰዎችም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን መሰላሉ ሁሉ ከክፍል ወደ ውጭ ብቻ የሚያመራ ከሆነ፣ አገሪቱ በከፈለች ቍጥር ክፍሉ እየተራቆተ ይሄዳል። መፍትሔው መምህሩን በምክር ማሰር ሳይሆን፣ ማስተርስ ይዞ 9ኛ ክፍል ማስተማር ክብርም እንጀራም እንዲሆን ማድረግ ነው።

ከመመዝገብ በፊት

ወደዚህ ትምህርት ለሚገባ ሰው የሚከተለውን እንመክራለን። ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሳያስተምሩ መጀመር አይጠቅምም፤ ጥያቄ ያልያዘ ሰው መልሱን ቢሰጡት አያውቀውም። የትምህርት ክፍሉን ስንመርጥ «የትኛው ይቀላል?» ሳይሆን «በክፍሌ ያስቸገረኝን የትኛው ያጠናዋል?» ብለን እንጠይቅ። ዩኒቨርሲቲውን ደግሞ አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ፣ የጽሑፉም ጊዜ ቢያልፍ ምን እንደሚሆን እንጠይቀው። ከርእሰ መምህሩ ጋራ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነጻ ቢሆን ብቻ የማታው ትምህርት በሰዓቱ ይደረስበታል። በመጨረሻም የምርምሩን ርእስ ከመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ በትንሽ ደብተር ማጠራቀም ነው። በየቀኑ ክፍል ውስጥ ያየነውን ሁለት መስመር ብንጽፍ፣ በዓመቱ መጨረሻ ርእስ ፍለጋ አንንከራተትም።

ማኅበራችንም ድርሻ አለው። የማታና የክረምት ተማሪዎች ከእኛው ጋራ በአንድ ግቢ እየተማሩ፣ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ግን አይታዩም። ቤተ መጻሕፍት በስንት ሰዓት ይዘጋ፣ ሬጅስትራር ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚያስተናግድበት ቀን ይኑር ወይስ አይኑር፣ በክረምት ማደሪያ እንዴት ይገኝ የሚሉት ነገሮች እነርሱን ከማንም ይበልጥ ይነኳቸዋል። ስለዚህ በሚመጣው ጉባኤ ለትርፍ ጊዜ ተማሪዎች መቀመጫ እንዲሰጥ፣ የመምህራኑም የክፍል ምርምር በዚህ መጽሔት በአጭሩ እየተጻፈ እንዲወጣ ሐሳብ እናቀርባለን። ስለ 9ኛ ክፍል ተማሪ ከእነርሱ የበለጠ የሚነግረን የለም፤ ነገ የምንገባውም እዚያው ክፍል ነው።